ኮንሶል ሲሞቅ፦ በሰሜን ሸዋ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከሙቀት የሚመጣ ብልሽትን የመለየትና የመጠገን ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደጋ ከተማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ከጣርማ በር ተዳፋት ግርጌ፣ 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ቆላ። በሁለቱም ወጣቶች በጨዋታ ወይም በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱባቸው የፕሌይስቴሽን ቤቶች አሉ፤ በሁለቱም ማሽኖቹ ከሙቀት የተነሳ ይበላሻሉ። የሚበላሹበት መንገድ ግን የተለያየ ስለሆነ፣ ለቆላው የሚበጀው ጥገና ለደጋው ሁልጊዜ አይበጅም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለቤቶቹ ባለቤቶችና ለጥገና ባለሙያዎች ሲሆን፣ በአገልግሎት ላይ በብዛት በሚገኘው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ያተኩራል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል። ሙቀት የሚያመጣው ብልሽት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ማሽኑ ከተነሳ ከስንት ደቂቃ በኋላ ጠፋ? ከቀኑ በየትኛው ሰዓት? ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነሳል ወይስ አይነሳም? እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ሳይመልስ ክዳን የሚከፍት ጠጋኝ በግምት ይሠራል፤ በግምት ከተከፈቱት ማሽኖች ብዙዎቹም ሆት ኤር (የብየዳ ትኩስ አየር መንፊያ) ተነፍቶባቸው ለዘለቄታው ይሞታሉ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ሰዓትና ቴርሞሜትር ከካውያ በፊት ይመጣሉ።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል፣ በየት ይወጣል

ኮንሶል ከሶኬት የሚወስደው ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 መለያ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጆታ 250 ዋት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስሊም ላይ 165 ዋት፣ በዚያው ዓመት በወጣው ፕሮ ላይ ደግሞ 310 ዋት ነው። በጨዋታ ጊዜ የሚወስደው ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ ስሊሙ ቆላ ላይ የተሻለ የሚጸናው የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ስለሆነ ነው። ለሸዋ ሮቢት፣ ለአጣዬ ወይም ለካራቆሬ ማሽን የሚገዛ ሰው ምርጫ ካለው ስሊሙን እንዲመርጥ እመክራለሁ።

ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ሰንሰለት ነው። ከዋናው ቺፕ ተነስቶ በስሱ የፔስት (ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ሽፋን በኩል ወደ ሂትሲንኩ (ሙቀት ተቀባዩ ባለ ክንፍ ብረት) ያልፋል፤ ከሂትሲንኩ ቀጫጭን ክንፎች ማራገቢያው የሚገፋው አየር ይወስደዋል፤ አየሩም በኋላ በኩል ወጥቶ ወደ ክፍሉ ይበተናል። ከነዚህ አንዱ ከተዘጋ የቀሩት ምንም ያህል ጤናማ ቢሆኑ ቺፑ ይግላል። የምርመራው ሥራ እንግዲህ ሰንሰለቱ የትኛው ላይ እንደተቋረጠ መለየት ነው።

አምራቹ ማሽኑ እንዲሠራ የፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ በግንቦትና በሰኔ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ሰው ሞልቶት ቴሌቪዥኖቹ ሁሉ በርተው ሳለ ይህን ወሰን ማለፉ የተለመደ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ግን ቅዝቃዜውን ተማምኖ መዘናጋት የለበትም። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን በሜትር ኩብ ሲለካ ከቦታ ቦታ ብዙም ባይለያይም፣ ሙቀት የሚሸከመው የአየሩ ክብደት ነው፤ በደብረ ብርሃን ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይቀላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው በመሐል ሜዳ ጉድለቱ ይብሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ያለ ኮንሶል ቀዝቃዛ ነገር ግን ሳሳ ያለ አየር ይስባል፤ ክንፎቹ በአቧራ ግማሽ ያህል ከተዘጉ በኋላ የክፍሉ ቅዝቃዜ ብቻውን አያድነውም። የደጋው ዋነኛ ጠላት ግን ሌላ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያደረበት ማሽን ጠዋት ሲነሳ በደቂቃዎች ውስጥ ከብርድ ወደ ከፍተኛ ግለት ይሻገራል፤ ማታ ተመልሶ ይቀዘቅዛል። ብረት፣ ሲሊከንና የቦርዱ ፋይበር እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይኮማተሩ፣ ይህ መፈራረቅ በየቀኑ ሲደጋገም የሶልደር ነጥቦችን (ክፍሎቹ ቦርዱ ላይ የተበየዱባቸውን) ቀስ በቀስ ይሰነጥቃል።

ክዳኑን ከመክፈት በፊት

አንድ ደብተር፣ አንድ ሰዓትና የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ዲጂታል መልቲሜትር ያዘጋጁ። መልቲሜትሩ የሙቀት መለኪያ ከሌለው ተራ የክፍል ቴርሞሜትርም ያገለግላል። ማሽኑን ሁልጊዜ በሚሠራበት ቦታ፣ ሁልጊዜ በሚጫወቱበት ጨዋታ ያስነሱና የሚከተሉትን ይከታተሉ።

መጀመሪያ ጊዜውን ይመዝግቡ። ማሽኑ በተነሳ በሁለት ወይም በሦስት ሴኮንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ በአብዛኛው አሁን ያለው ሙቀት አይደለም፤ ያን ያህል ለመጋል ጊዜ አላገኘምና። እንዲህ ያለው ወደ ፓወር ሰፕላይ (ኃይል ሰጪው ክፍል) ወይም ወደ ሾርት (ኤሌክትሪክ ያለ ቦታው መገናኘቱ) ያመለክታል። በቅርቡ ተከፍቶ የተገጠመ ማሽን ማራገቢያው በፍጥነት እየጮኸ በአንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከጠፋ፣ ሂትሲንኩ ቺፑን በትክክል እንዳልነካው ይጠርጥሩ። ከአሥር እስከ አርባ ደቂቃ ተጫውቶ፣ የማራገቢያው ድምፅ ቀስ በቀስ ከፍ ብሎ፣ ማሽኑ እጅግ መሞቁን የሚገልጽ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ከወጣ ወይም የፊቱ መብራት ቀይ ከሆነ፣ ይህ ግልጽ የማቀዝቀዝ ጉድለት ነው፤ መንስኤውም አቧራ፣ የደረቀ ፔስት ወይም የክፍሉ ሙቀት ነው። ጠዋትና ማታ ያለ ችግር ሠርቶ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ የሚጠፋ ማሽን ደግሞ ራሱ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ክፍሉ ነው።

ደጋ ላይ የዚህ ተቃራኒ ይታያል። ጠዋት በብርድ አልነሳ ብሎ፣ ሦስት አራት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ወይም ፀሐይ ከሞቀች በኋላ የሚነሳ ማሽን በአብዛኛው ያረጁ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) አሉት። በካፓሲተሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ዘመን ከደረቀ በኋላ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፤ ብርድ ደግሞ ይህን ተቃውሞ ይበልጥ ያሳድገዋል። ብልሽቱ የሚታየው በብርድ ቢሆንም ያመጣው ለዓመታት የተከማቸ ሙቀት ነው። ይህን ሳይረዱ ፔስት መቀየር ገንዘብና ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የሚለካው አየሩ ነው፤ በእኔ እምነት ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ይህ ነው፤ ምንም ሳይከፈት ሰንሰለቱ የት እንደተቋረጠ ይናገራልና። ማሽኑ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ በጎን በኩል የሚገባውን አየርና በኋላ በኩል የሚወጣውን አየር ሙቀት ለየብቻ ይለኩ፤ በሚወጣበት በኩልም እጅዎን ከኋላው ትንሽ ራቅ አድርገው ይያዙና የነፋሱን ብርታት ይመዝኑ። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ እጅግ ከሞቀ፣ ሙቀቱ ከቺፑ ወደ ሂትሲንኩ እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ፔስቱን አይንኩ፤ የሚገባው አየር ለምን እንደሞቀ ይመርምሩ። ማራገቢያው እየጮኸ ነፋሱ ደካማ ነገር ግን የሚያቃጥል ከሆነ ክንፎቹ በአቧራ ተዘግተዋል። ማራገቢያው በሙሉ ኃይሉ እየዞረ፣ ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ለብ ብቻ ካለ፣ ማሽኑም ሞቅሁ ብሎ ከጠፋ፣ ሙቀቱ ቺፑ ላይ ታግቷል፤ ፔስቱ ደርቋል ወይም የሂትሲንኩ መቆንጠጫ ላልቷል። ነፋስ ጭራሽ ከሌለ ማራገቢያው ራሱ ቆሟል።

ክፍሉንና ሳጥኑን ማስተካከል

በፕሌይስቴሽን ቤቶች ኮንሶሉ እንዳይሰረቅ ወይም ተጫዋች እንዳይነካካው በእንጨት ሳጥን ወይም በብረት ፍርግርግ ውስጥ ይቆለፋል። ቁልፉ አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በኋላው የተዘጋ የእንጨት ሳጥን ማሽኑ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ እንዲስበው ያደርጋል። ክፍሉ 30 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ማሽኑ ከተፈቀደለት ወሰን በ10 ዲግሪ በልጦ እየሠራ ነው ማለት ነው። ከላይ የገቢውን አየር በጎን በኩል ይለኩ የተባለውም ለዚህ ነው፤ የክፍሉን ሙቀት ብቻ የለካ ሰው ይህን አያይም።

መፍትሔው ለማንኛውም አናጢ ቀላል ነው። የሳጥኑን ኋላ ሙሉ በሙሉ ክፍት ያድርጉና በፍርግርግ ብረት ይተኩት። ከማሽኑ ኋላ እስከ ግድግዳው ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ክፍት ይተዉ፤ ይህ አምራቹ ራሱ ያዘዘው ልክ ነው፤ ቆላ ላይ ግን እጥፍ ቢሆን እመርጣለሁ። በሁለቱም ጎኖች፣ የማሽኑ ስንጥቆች ባሉበት ከፍታ፣ ሰፋፊ ቀዳዳዎች ያስበጁ። በገቢውና በወጪው አየር መካከል ስስ የኮምፖልሳቶ ግርዶሽ ቢቆም የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ አይመለስም፤ ይህች ትንሽ ጣውላ ከብዙ ቀዳዳ ትበልጣለች። ሁለት ኮንሶሎችን አንዱን ከሌላው ላይ አይደርድሩ፤ ስታቢላይዘርና የቴሌቪዥን ሪሲቨርም ራሳቸው ሙቀት ስለሚያመነጩ ከሥሩ ወይም ከላዩ አይቀመጡ። የማሽኑ የጎማ እግሮች ወድቀው ከሆነ ተመጣጣኝ ጎማ ይለጥፉበት።

በሳጥኑ ኋላ 12 ቮልት የሆነ ባለ 120 ሚሊሜትር የኮምፒውተር ማራገቢያ ወደ ውጭ እንዲነፍስ አድርጎ መግጠም ይጠቅማል። ኃይሉን ከራሱ አዳፕተር ይውሰድ እንጂ ከኮንሶሉ ውስጥ ሽቦ አይቀጠል። የማሽኑን ክዳን እየበሱ ተጨማሪ ማራገቢያ መግጠም ግን ትክክል አይደለም፤ የውስጡ አየር በተወሰነለት መንገድ በክንፎቹ መካከል እንዲያልፍ የተቀረጸ ስለሆነ፣ አዲስ ቀዳዳ ሲከፈት አየሩ አቋራጩን ይዞ ክንፎቹን ይተዋቸዋል።

ስለ ክፍሉ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ማሽኖቹ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ላይ አይደገፉ፤ ከቆርቆሮው ሥርም ኮርኒስ ይኑር፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳ ቢኖረው ይመረጣል። በዚያው ክፍል ቡና የሚቆላ፣ ከሰል የሚያያዝ ወይም ሲጋራ የሚጨስ ከሆነ ደግሞ ቅባታማው ጭስ አቧራውን ክንፎቹ ላይ ስለሚያጣብቀው በብሩሽ የማይለቅ ሽፋን ይሠራል። ቡናው ወደ ደጅ ይውጣ።

የኤሌክትሪኩ ኃይል

ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ወደ 180 ቢወርድ ማሽኑ አይጠፋም። ነገር ግን ያንኑ ኃይል ለማግኘት የሚስበው ከረንት ከ220 ቮልቱ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይጨምራል፤ በሽቦዎችና በመግቢያው ክፍሎች ላይ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ በከረንቱ ስኩዌር ስለሚያድግ ግማሽ ያህል ይጨምራል። ማታ ማታ መብራት በሚደክምበት ሰፈር ፓወር ሰፕላዩ ከሌላው ክፍል ቀድሞ የሚያረጀው በዚህ ነው። የላላ ሶኬትና የጠቆረ ዲቫይደርም በራሱ የሙቀት ምንጭ ነው፤ ሶኬቱን በእጅ ሲነኩት ሞቅ ካለ ሳይውል ሳያድር ይለወጥ።

መብራት በድንገት ሲቋረጥ ማራገቢያው ወዲያው ይቆማል፤ ቺፑ ግን ገና ትኩስ ነው። ማሽኑ ላይ የደረሰውን ጉዳት ለመቀነስ መብራት ተመልሶ እንደመጣ ወዲያው ከማስነሳት አሥር ደቂቃ መታገስ ይሻላል፤ በመመለሻው ቅጽበት የሚመጣውንም ከፍተኛ ቮልቴጅ ማሽኑ ያመልጣል። ሲመሽ ማሽኑን ከሶኬት በመንቀል አያጥፉት፤ ከሜኑው ያጥፉት፤ ይህ ሃርድ ዲስኩንም ያድናል።

መክፈትና ማጽዳት

እስካሁን የተባለው ተስተካክሎ ችግሩ ከቀጠለ ወይም የነፋሱ ምርመራ አቧራን ካመለከተ፣ መክፈት ተገቢ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። ንጹሕና ብርሃን ያለው ጠረጴዛ ይምረጡ፤ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በናይለን ልብስ አይሥሩ፤ በየጊዜው ከመሬት ጋር የተገናኘ ብረት እየነኩ በሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ (ስታቲክ) ያስወግዱ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 መሐሉ ቀዳዳ ያለውን ባለ ኮከብ ብሎን ስለሚጠቀም ቁጥር 8 ወይም 9 ቶርክስ መፍቻ ያስፈልጋል፤ በተራ መፍቻ ጠርዙን የበላ ብሎን ሥራውን ሁሉ ያከብደዋል። እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ብሎኖቹንም እንደየቦታቸው ለይተው በወረቀት ላይ ያኑሩ፤ ርዝመታቸው ይለያያልና።

የሥሩን ክዳን ካነሱ በኋላ ፓወር ሰፕላዩን እንደ አንድ ሙሉ ሳጥን ያውጡት፤ ሲያነሱት ከሥሩ የተያያዘውን ሽቦ እንዳይበጥሱ ቀስ ይበሉ። ሳጥኑን ግን በዚህ ደረጃ አይክፈቱት። ከውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 220 ቮልቱ ተስተካክሎ ከ310 ቮልት በላይ የሚያጠራቅም ስለሆነ፣ ከተነቀለ በኋላም ሰውን ሊጎዳ ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩ ሲነሳ የሂትሲንኩ ክንፎች ይታያሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች ማሽኑን ይዘው ወደ ጎሚስታ ቤት ይሄዳሉ። እባክዎ ይህን አያድርጉ። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ታንክ ውስጥ ውኃና የማሽን ዘይት ይጠራቀማል፤ ከነፋሱ ጋር ይህ ጭጋግ ሆኖ ቦርዱ ላይ ይረጫል፤ በኋላም አቧራ አጣብቆ ዝገትና ሾርት ያመጣል። ለስላሳ ደረቅ የቀለም ብሩሽና ዝቅተኛ ኃይል ያለው የእጅ መንፊያ ይበቃሉ። በሚነፉበት ጊዜ የማራገቢያውን ምላጭ በጣት ወይም በእንጨት ይያዙት፤ ከልክ በላይ ከዞረ መሸከሚያው ይጎዳል፤ እንደ ዳይናሞም ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ወደ ቦርዱ ሊልክ ይችላል። አቧራውን ከወጪው በኩል ወደ ገቢው አቅጣጫ ይግፉት፤ ገብቶ የታጎረበት በኩል ነውና የሚወጣው። ብሩሽ የማያነሳው ቅባታማ ሽፋን ካለ ሂትሲንኩ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ በሞቀ ውኃና በሳሙና ሊታጠብ ይችላል፤ ግን ከቦርዱ ተለይቶ፣ ታጥቦም በሚገባ ደርቆ።

ማራገቢያውን በጣት ሲያዞሩት ሸካራ ስሜት ከሰጠ ወይም ዘንጉ ከወዲያ ወዲህ ከተንቀሳቀሰ ይለውጡት። ዘይት ጠብ ማድረግ ለጥቂት ሳምንት ድምፁን ያጠፋል እንጂ ያለቀ መሸከሚያ አይመልስም።

ፔስት መቀየር

ይህን ደረጃ የነፋሱ ምርመራ ካላዘዘው፣ ወይም ማሽኑ ለብዙ ዓመት ሳይከፈት የቆየ ካልሆነ፣ አይጀምሩት። ማዘርቦርዱን ለማውጣት የዲስክ ማንበቢያው፣ ስሱ ሪባን ኬብሎችና የብረት ጋሻው በተራ መነሳት አለባቸው፤ አንድ የተቀደደ ሪባን ከደረቀ ፔስት የባሰ ጉዳት ነው።

ሂትሲንኩ ሲነሳ አሮጌው ፔስት እንደ ደረቀ ኖራ ተሰነጣጥቆ ከታየ ምርመራዎ ትክክል ነበር። በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ቀስ አድርገው ይፋቁት፤ የቀረውን በአልኮልና ክር በማይተው ጨርቅ ይጥረጉ። ከፍተኛ ንጥረት ያለው አይሶፕሮፒል አልኮል ተመራጭ ነው፤ ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ያገለግላል፤ ውኃ ስላለበት ግን ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ግዴታ ነው። ቤንዚን፣ ሽቶና የእጅ ማጽጃ ጄል አይጠቀሙ፤ የሚተዉት ቅባት ፔስቱን ያበላሸዋል።

አዲሱ ፔስት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ዓይነት ይሁን። ቺፑ ከላዩ የብረት ክዳን የሌለው እርቃኑን የተቀመጠ ሲሊከን ስለሆነ፣ አንዲት ጥግ እንኳ ሳትሸፈን ብትቀር እዚያ ላይ ያለው ክፍል ለብቻው ይግላል። ስለዚህ መሐል ላይ ጠብ አድርጎ ከመተው ይልቅ በፕላስቲክ ካርድ ስስ አድርጎ ሙሉ ገጹን ማልበስ የተሻለ ነው። ብዙ ፔስት ብዙ ማቀዝቀዝ አይደለም፤ የፔስት ሥራ በሁለት ብረት መሰል ገጾች መካከል ያለውን ጥቃቅን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው፤ ሲወፍር ራሱ መጋረጃ ይሆናል። በየቦታው ፔስት ሲጠፋ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ አሉ፤ ውኃው እስኪተን ድረስ የሠራ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ደርቆ ከአሮጌው ፔስት የከፋ ይሆናል።

በሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ንጣፎች በፔስት አይተኩ። ንጣፎቹ የተሠሩት ሰፊ ክፍተት ለመሙላት ነው፤ ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት ባለው አዲስ ንጣፍ ብቻ ይለወጡ። ሲገጥሙ የመቆንጠጫውን ሁለት ብሎኖች አንዱን ጨርሶ ሌላውን ከመጀመር ይልቅ በየተራ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ፤ ካልሆነ ሂትሲንኩ ያዘነብላል፤ ቺፑም ጠርዙ ሊሸረፍ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 በፔስት ፈንታ ፈሳሽ ብረት ነው የሚጠቀመው። ፈሳሽ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትፈስ ሾርት ታደርጋለች። በዚህ መመሪያ ብቻ ተመርተው የዚያን ማሽን ሂትሲንክ አያንሱ።

ፓወር ሰፕላይ

ካፓሲተር በሙቀት የሚያረጅበት ፍጥነት በጥቅሉ በሚታወቅ ልክ ይሄዳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። 105 ዲግሪ ላይ 2,000 ሰዓት የሚል ማረጋገጫ ያለው ካፓሲተር 85 ዲግሪ ላይ 8,000 ሰዓት፣ 65 ዲግሪ ላይ ደግሞ 32,000 ሰዓት ያህል ይሠራል ማለት ነው። በሳጥኑ ኋላ የተከፈተው ፍርግርግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ስሌት ይታያል፤ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት በሚሠራ ቤት የ10 ዲግሪ ልዩነት የዓመታት ልዩነት ነው።

ፓወር ሰፕላዩን የሚከፍተው በከፍተኛ ቮልቴጅ ላይ የሠለጠነ ሰው ብቻ ይሁን። የትልቁን ካፓሲተር ቮልቴጅ በዲሲ መለኪያ ለክቶ፣ ዜሮ አካባቢ መድረሱን ሳያረጋግጥ እጁን አያስገባ። አናቱ ያበጠ ወይም በሥሩ ፈሳሽ ያሳየ ካፓሲተር ይለወጣል፤ ነገር ግን ሳያብጥም የሚደርቅ ስላለ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ የውስጥ ተቃውሞ መለኪያ ያለው ይለካ። ምትኩ ተመሳሳይ ማይክሮፋራድ፣ እኩል ወይም የሚበልጥ ቮልት፣ 105 ዲግሪ የሚችልና ዝቅተኛ የውስጥ ተቃውሞ ያለው መሆን አለበት። ከቆየ ሬዲዮ የተነቀለ ካፓሲተር ለዚህ አይሆንም። በትራንስፎርመሩና በከባድ ክፍሎች እግር ዙሪያ ክብ ስንጥቅ ያሳየ ሶልደር በአዲስ ሶልደር ይበየድ።

ቺፑን በሆት ኤር ስለመጋገር

ሰማያዊ መብራት እያርገበገበ ምስል ሳያወጣ የሚጠፋ ማሽን ሲመጣ፣ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ሕክምና ቺፑን በሆት ኤር ማጋል ነው። ይህ ልማድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ከወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ቢጫ መብራት ጀምሮ ነው። ማሽኑ ከተጋገረ በኋላ ስለሚነሳ ጠጋኙም ባለቤቱም የዳነ ይመስላቸዋል። ሊድ (እርሳስ) የሌለው ሶልደር የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በግምት በተነፋ ሆት ኤር ከቺፑ ሥር ያሉት ነጥቦች እኩል አይደርሱበትም፤ ሙቀቱ ብቻ ስንጥቁን ለጊዜው አነካክቶ፣ ወይም የደከመን ካፓሲተር ለጊዜው አነቃቅቶ፣ ከጥቂት ቀን ወይም ሳምንት በኋላ ብልሽቱ ይመለሳል። ሰማያዊው መብራት ደግሞ ከፓወር ሰፕላይ፣ ከኤችዲኤምአይ መሰኪያና ከሃርድ ዲስክም ሊመጣ ይችላል፤ መጀመሪያ እነዚህ ይመርመሩ። ደንበኛ ገንዘቡን ከፍሎ ለሳምንት የሚቆይ ጥገና መውሰዱ ተገቢ አይደለም። ቺፑ በእርግጥ ከለቀቀ፣ ትክክለኛው መንገድ ከሥር ቦርዱን የሚያሞቅና ሙቀቱን በልክ የሚቆጣጠር መሣሪያ ወዳለው ባለሙያ ልኮ ከቺፑ ሥር ያሉትን የሶልደር ኳሶች ማስለወጥ ነው፤ ያ ካልተቻለ ማሽኑን ለመለዋወጫ አስቀምጦ እውነቱን ለባለቤቱ መንገር ይገባል።

ፈትሾ መመለስ

የተጠገነ ማሽን ጠዋት በቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ለአሥር ደቂቃ ተነስቶ ስለሠራ አይመለስም። በራሱ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ በራሱ ክፍል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ለሁለት ሰዓት ያህል ከባድ ጨዋታ ይጫወቱበት። በየአሥራ አምስት ደቂቃው የገቢውንና የወጪውን አየር ሙቀት በደብተሩ ላይ ያስፍሩ። ቁጥሩ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ወጥቶ ከዚያ ከረጋ ጥገናው ይዟል፤ ሳያቋርጥ እየወጣ ከሄደ ግን ትኩስ አየር እየተመለሰ ነውና ሳጥኑን እንደገና ይዩ። ደብረ ብርሃን ላይ በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ፈተና ያስፈልጋል፤ ማሽኑ በክፍሉ አድሮ ጠዋት ገና ሳይሞቅ በመጀመሪያው ሙከራ መነሳት አለበት። ውርጭ በሚበረታበት ወቅት ከ5 ዲግሪ በታች ያደረ ክፍል በር ተዘግቶ ጥቂት እስኪሞቅ ይጠበቅ፤ ከብርድ በድንገት ወደ ሞቃትና እርጥብ ክፍል የገባ ማሽን ላይም ጤዛ ስለሚያርፍ ጤዛው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ አይነሳ።

ቀጣዩን ጽዳት በሰዓት እንጂ በብልሽት አይወስኑ። ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ ላይ በየሦስት ወሩ፣ ከሁሉም በላይ የማሽላና የማሾ ውቂያ አቧራ ካለፈ በኋላና ግንቦት ከመግባቱ በፊት፤ ደጋው ላይ በየስድስት ወሩ ማጽዳት ይበቃል። ፔስቱን በየጽዳቱ አይቀይሩ፤ የወጪውና የገቢው አየር ልዩነት በደብተሩ ላይ ከሰፈረው ከመጀመሪያው ልኬት ጋር እየተነጻጸረ፣ ማራገቢያው እየጮኸ ልዩነቱ ሲጠብ ብቻ ይቀየር። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ይመድቡና የተከፈተበትን ቀን፣ የተለወጠውን ክፍልና የተለኩትን ቁጥሮች ያስፍሩበት፤ ማሽኑ ሲሸጥም ገጹ አብሮት ይሂድ።